የግራሩ በኩራት

ባለፈው ሳምንት ከቂርያት ዔቅሮን ስመለስ የዒሪያ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ሠራተኞች መንገድ ዳር የበቀለውን ግራር ቆርጠው ጉቶውን መርዝ ሲቀቡ አየሁ። ሰማያዊ ቀለም ተቀላቅሎበታል፤ የተቀባው ካልተቀባው እንዲለይ መሰለኝ። አውቶቡሱ አለፈ፣ ሐሳቤ ግን እዚያው ቀረ።

እኔ ከጻባ፣ ከውትድርናው፣ በወጣሁበት ዓመት አባቴ ክፋር ማርሞሬክ ዳር ቁራሽ መሬት ተሰጥቶት ነበር። ጎንደር ላይ ገበሬ የነበረ ሰው፣ እዚህ ቅድስቲቱ ምድር መጥቶ የሰው ቢሮ ሲያጸዳ ኖሮ እንደገና አፈር ሲነካ ፊቱ በራ። ጎመን ሊዘራ፣ የመጀመሪያውንም ቅጠል እንደ አባቶቹ ወግ በኩራት አድርጎ ለቄሳችን ሊያቀርብ ተሳለ። ቄሱ አርጅተዋል፣ ታመዋልም። ስለዚህ አባቴ ቸኩሏል።

መሬቱን ግን ያ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ወርሶታል። በየካቲት አበባው ቢጫ ሆኖ ሲያምር ጉድ ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አያበቅልም። ብንቆርጠው ከጉቶው አቆጠቆጠ። የአትክልት ቦታው ማድሪኽ፣ የሚያሠለጥነን ሰውዬ፣ «ቆርጣችሁ መርዝ ቀቡት፣ ይደርቃል» አለን። እኔም ደገፍኩት። ሰው ወገቡ ሲቆረጥ መርዝም ጥሩ ይመስለዋል።

«ለቄስ የማበላበትን አፈር መርዝ ላጠጣው?» አለ አባቴ። «እኔ አገሬ ላይ ዱር የመነጠርኩት በእሳት ነው፣ ልጄ።»

ቅርንጫፉን ጉቶው ላይ ከምሮ ለኮሰው። ጉቶው ከሰለ፤ እሱም ደስ ብሎት ጎመኑን ዘራ። ዝናቡ ሲጥል ግን ቀድሞ የወጣው ጎመን አልነበረም። አፈር ውስጥ ስንት ዘመን ተኝቶ የኖረውን የግራር ፍሬ እሳቱ ቀስቅሶት ኖሯል፤ መሬቱ እንደ ጤፍ ማሳ አረንጓዴ ሆነ። አባቴ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማድሪኹ ይሥቅበታል ብዬ ፈራሁ። አልሣቀም። «ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ተኝቶ የነበረው ወጣላችሁ። ሳይጠነክር በእጅ ንቀሉት» አለ።

ስንነቅል ወሬው የደረሳቸው ቄሳችን በሰው ተደግፈው መጡ። አባቴ ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

«አባ፣ በኩራቱን አላደረስኩልዎትም» አላቸው።

ቄሱ እንደ ምንም ጎንበስ ብለው አንድ የግራር ችግኝ ነቀሉ፣ አፈሩን አራገፉ። «ከዚህ መሬት መጀመሪያ የበቀለው ይኼ አይደል? ድርሻዬን ወሰድኩ፤ መሬትህ ይባረክ» ብለው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ጎመኑ ሲደርስ ቄሱ በሕይወት አልነበሩም። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ስለቴን አላደረስኩም ብሎ አልተጸጸተም።

መርዙን አልነቅፍም፤ ለመንገድ ዳር ይሆናል፣ የሠራተኛውንም ወገብ ያድናል። ብቻ ሠራተኞቹን ባየሁ በማግሥቱ ወደዚያ መንገድ ዳር በእግሬ ሄድኩ። ከሰማያዊዎቹ ጉቶዎች ራቅ ብላ ጣት የምታህል ችግኝ ወጥታለች። ነቀልኳት፣ አፈሯን አራገፍኩ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።