አጣቢው የሚቀልባቸው

አጣቢው በሰፈሩ ሱፍ ያለ ውሃ የሚያጥብ ብቸኛ ሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ኮትና ሱሪ እንደ አዲስ አድርጎ ሲመልስ ኖረ። ያረጀውን የማጠቢያ ፈሳሽ ግን ከሱቁ ጓሮ፣ አፈሩ ላይ ይደፋው ነበር። ማንም አትድፋ አላለውም። ወዲያው ስለሚተን የሄደ መስሎት ነበር። አልሄደም። በአፈሩ ውስጥ ለውስጥ ሠላሳ እርምጃ ተጉዞ የታላቅ እህቱ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ውሃው ተመርምሮ መርዝ ተገኝቶበት ጉድጓዱ በቆርቆሮ ከተከደነ ጀምሮ እህትየው አላናገረችውም። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦኖ በቀን ሁለት ጀሪካን ትቀዳለች። ላግዝሽ ሲላት ጀሪካኑን ነጥቃው ትሄዳለች፤ እሱ ባዶ እጁን ከኋላዋ ይከተላል። ሰፈሩም ለምዶታል።

ከላቦራቶሪ የመጣችው መሐንዲስ መፍትሔውን ስትነግረው ያላገጠችበት መሰለው። ጓሮው ውስጥ ቧንቧ ይቀበራል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይለቀቁበታል።

«እኛ አየር እንደምንተነፍሰው እነሱ የእርስዎን ፈሳሽ ይተነፍሱታል» አለችው። «አራት ክሎሪን አለው። አንድ በአንድ ይነቅሉለታል። አራቱም ሲያልቁ የማይጎዳ ነገር ይቀራል።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«ሁለት ዓመት ተኩል። አንድ ክሎሪን ብቻ ሲቀረው ግን ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ነው። እዚያ ላይ እንዳይቆሙብን በደንብ መቀለብ አለባቸው።»

ቀለባቸው ሞላሰስ፣ የስኳር ፋብሪካ ወፍራም ጣፋጭ ተረፈ ምርት ነው። አጣቢው ሱቁን ዘግቶ ቀላቢ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሞላሰሱን በልኩ አቅጥኖ በየቧንቧው ይለቃል። ሰፈርተኛው «የጀርም አባት» ይለው ጀመር። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ሰው ከሌለ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብሎ «በሉ እንግዲህ፣ ጠንከር በሉ» ይላቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እህትየው ቦኖው ጋ ወድቃ እጇ ወለም አላት። በሻሽ አሰረችውና በደህናው እጇ መቅዳቷን ቀጠለች። አጣቢው ከበሩ ቆሞ አያት። ተሕዋስያኑ ዘገዩበት። ስለዚህ ማሰብ ጀመረ፤ ጉዱን ያመጣው ማሰቡ ነው። ክሎሪን ነቃዮች ናቸው። ክሎሪን ይወዳሉ ማለት ነው። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሁለት ጀሪካን በረኪና ተርፎታል። ሁለቱንም ገለበጠላቸውና ዛሬስ ጠገቡ ብሎ ደስ እያለው ቤቱ ገባ።

መሐንዲሷ ናሙና ወስዳ በሳምንቱ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«አባባ፣ ምን ጨመሩባቸው?»

«ክሎሪን።»

«የምን ክሎሪን?»

«በረኪና። ይወዳሉ ብዬ።»

መሐንዲሷ የሞላሰሱን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። «በረኪና እኮ ጀርም መግደያ ነው።»

አጣቢው ይህን ያውቅ ነበር። ለደንበኞቹ ሁሉ ሲናገር የኖረው እሱ ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

ተሕዋስያኑ ያለቁት ደግሞ ፈሳሹ አንድ ክሎሪን ብቻ ሲቀረው፣ መርዙ በባሰበት ሰዓት ነበር። ሌሎች መጥተው፣ ቦታውን ለምደው ሥራውን እስኪጨርሱ ዓመት ተኩል ይፈጃል አለችው። «ለእህትዎ እኔ ልንገርልዎት?»

«አይ፣ እኔው።»

እህቱ በሩን ከፈተች። አጣቢው በረኪናውንም ዓመት ተኩሉንም ነገራት። ከዚያ ያልተዘጋጀበት ነገር ከአፉ ወጣ። «እትዬ፣ መጀመሪያም መርዙን የደፋሁት እኔ ነኝ። ጀርም ስቀልብ ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅሽ ሁለት ዓመት አለፈ። ይቅር በይኝ።» እህትየው ትንሽ አየችውና በሩን ዘጋች። ከወትሮው ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

አዲሶቹ ተሕዋስያን አየር እንዳይነካቸው በታሸገ በርሜል መጡ። አጣቢው ከሞላሰስ በቀር ምንም አላቀመሳቸውም፤ ማሰብም ተወ። በዓመት ከሰባት ወሩ መሐንዲሷ ውሃው ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት አምጥታ ቆርቆሮውን አስነሳች።

እህትየው ራሷ ቀዳች። ብርጭቆ ሞልታ ለአጣቢው ሰጠችው።

«አንተ ቅመስ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችው ይህን ነው። አጣቢው እስከ ጭላጩ ጠጣ።

«ሆድህን አልቆረጠህም?»

«ኧረ ምንም።»

«አትቸኩል። ስትቸኩል አይተንሃል። ግማሽ ሰዓት እንይህ» አለችና በርጩማ ስባ አስቀመጠችው፤ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። ስለ አጥሩ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሞተው ጎረቤታቸው አወሩ። አጣቢው እንዲህ ደስ ያለውን ቀን አያስታውስም።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እህትየው «እህ?» አለችው።

አጣቢው ሆዱን ያዘ። «ትንሽ ቁርጠት ነገር አለ መሰለኝ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ብንቆይ ይሻላል።»

«ዋሾ» አለች። ተነስታ ለራሷ ቀዳች፣ ቆማ ጠጣችው፣ ተመልሳም ከጎኑ ተቀመጠች።