አባቴ የተሸከሙት ድንጋይ

ሁለት ልብ ወለድ አሳትሜአለሁ፤ ሁለቱም በድሮ ዘመን ስለተፈጸመ ግድያ ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች የገጠር ስም በዛብን ይሉኛል። ያገሬ ሰዎች ደግሞ ከነጭራሹ አያነቡኝም። በዚህ ስንት ዓመት አማርሬአለሁ መሰላችሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ ያገሬ ሰዎች አነበቡኝ፤ ምነው ባላነበቡኝ እላለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፌ የሚጀምረው የነገሥታቱ ድንኳን ደብረ ታቦር ላይ ይተከል በነበረበት ዘመን ነው። አንድ ነጋዴ በቅሎ ጭኖ ሲሄድ መሸበትና ከጉና ሥር ያድራል፤ በማግስቱ በቅሎዋ ብቻ ትገኛለች። ሰውየውን ከባዶ አልፈጠርኩትም። ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ያሉ ቤተሰቦች ቅድመ አያታቸው በቅሎ ጭኖ እንደወጣ መቅረቱን ሲያወሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

እኔ ገዳይ ፈለግኩለት። በዚህ ሙያ ገዳዩ አንባቢ ጨርሶ የማይጠረጥረው ሰው መሆን አለበት። ባካባቢያችን የማይጠረጠር ማን ነው ብዬ ሳስብ የራሴ ቅድመ አያት መጣልኝ፤ መንገደኛ ሳያሳድር እህል አይበላም የተባለለት ደግ ሰው። ስሙን ቀየርኩ። ግቢውን ግን ከነሁለት በሩ፣ ከነኮሶው ዛፍ እንዳለ ገለበጥኩት፤ ሌላ ግቢ ለማሰብ ሰንፌ ነው። ገዳዩን ያገኘሁ ዕለት ደስ ብሎኝ ብቻዬን ስቄአለሁ።

የምረቃው ቀን ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው ስሜን ሲያስለፈልፉት ዋሉ። አዳራሹ ግን ግማሹ ባዶ ነበር። ሦስት የክብር እንግዶች ስለ ንባብ ጥቅም ረዥም ንግግር አደረጉ፤ መጽሐፉን የገለጠው አንድም አልነበረም። ተራው ለኔ ሲደርስ ሰው ሰዓቱንና በሩን ማየት ጀምሯል። ያን ጊዜ አንድ መምህር እጁን አወጣና ታሪኩ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ ሲል ጠየቀኝ። ፈጠራ ነው ማለት ነበረብኝ። የሰዉን ፊት ሳይ ግን፣ "ካባቶቼ አፍ የሰማሁት እውነት ነው፤ ገዳዩም የራሴ ዘር ነው" አልኩ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ይዤ የሄድኩት መጽሐፍ አንድ ሳይቀር አለቀ። እንደዚያ ቀን ደራሲ ሆኜ አላውቅም።

የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ ከወንዝ ማዶ፣ ከዚያው ከጠፋው ሰውዬ ቤተሰብ ለሆነ ልጅ ታጭታ ነበር። አውቅ ነበር፤ ግን ምን ያገናኘዋል ብዬ። በኛ አገር ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል፤ ዝምድና እንዳይኖር፣ ደም እንዳይኖር። ተቆጥሮ ንጹሕ ተብሎ ነበር። ከምረቃው በኋላ ግን አንዱ የግድያውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለሙሽራው አያት አነበበላቸው። ሽማግሌው ሁለቱን በርና የኮሶውን ዛፍ ሲሰሙ፣ "በቃ፣ ቤቱን አወቅሁት" አሉ።

እኅቴ ደውላ፣ "ደም ካለበት ቤት አንጋባም ብለው ላኩብን" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለቅሶዋን ብቻ ሰማሁ።

ሄጄ አያትየው እግር ላይ ወደቅኩ። "አባቴ፣ ልብ ወለድ ነው፤ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው።"

"ስማ ልጄ" አሉኝ። "ባደባባይ እውነት ነው ብለህ መስክረሃል። ዛሬ ሠርግ ሲመጣ ነው ውሸት የሆነው? እኛም ቂም አንሻም፤ ደሙ ይድረቅ። ከናንተ ዘር አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ መስቀል ጨብጦ፣ አባታችን ገድሏል ማሩን ይበለን። ያን ጊዜ ልጆቹ ይጋባሉ።"

አልሸከምም አልኩ። ቅድመ አያቴ ያልሠራውን ወንጀል አላምንም ብዬ ተቆጣሁ። ለእውነት የቆምኩ መስዬ ነበር፤ ነገሩ ግን ኀፍረት ነው። ድንጋይ ተሸክሜ ስንበረከክ ስልክ ያለው ሁሉ እንደሚቀርጸኝ ታየኝ። ደግሞም ባሕር ዳር ላይ ስለ ታሪክና ስለ ፈጠራ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት እኔ መድረክ ላይ ስለ ደራሲ ነፃነት ስደሰኩር፣ አባቴ ድንጋዩን ተሸከሙ። ከዘራ ይዘው እንኳ ዳገት የሚከብዳቸው ሰው ናቸው። እኅቴ እንደነገረችኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተንበርክከው፣ ቄሱ የያዙትን መስቀል ጨብጠው፣ "አያቴ ገድሏል፤ ስለ እግዚአብሔር ማሩን" እያሉ ሦስት ጊዜ ለመኑ። የማዶዎቹ ሰዎች አለቀሱ፤ ድንጋዩንም ራሳቸው አወረዱላቸው። ሠርጉ በጥር ተሠራ። ልጅቱ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እኔን ስታይ ሰላምታ አታጓድልም፣ ከዚያ አልፋ ግን አትናገረኝም።

አባቴን ያሳደጓቸው እኒያው ገዳይ ያደረግኳቸው አያታቸው ናቸው። አባቴ ቆራቢም ነበሩ። ኋላ አንድ እሑድ መንደር ሄጄ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ሰው ሊቆርብ ሲገባ እሳቸው ከደጅ ግንቡን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው።

"አባቴ፣ ምነው አይገቡም?"

"በመስቀል ዋሽቼ እንዴት ልቁረብ?"

"ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸዋ።"

"መስቀሉን የያዙት እሳቸው አይደሉ እንዴ? እውነቱን ብነግራቸው በሸክሜ ላይ እሳቸውንም መጨመር ነው። ይቅር፣ እኔው ልያዘው።"

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ መጽሐፉንም ያነበበላቸው የለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ለመሆኑ በምን ገደለው ብለህ ነው የጻፍኸው?" አሉኝ። "ገድሏል ብዬ ማልሁ እንጂ እንዴት እንደገደለው እንኳ አላውቅም።"

አርባ ገጽ ጽፌበታለሁ። ገመዱን፣ የሰውየውን ትንፋሽ፣ የበቅሎዋን መደንበር ሳይቀር። እዚያ ግንብ ሥር ግን አንዲት ቃል ካፌ አልወጣችም። አባቴ መልሴን ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ ፊታቸውን ወደ ቅዳሴው መለሱ።