«አልሰማሁም» ሳልል የቆየሁባቸው ዓመታት

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ሕመሙ በኋላ ነው የተከተለው። ገና በገጠር ወረዳችን በጋዝጊብላ ስማር ከቀኝ ጆሮዬ መግል መፍሰስ ጀመረ። ነጠላዬ ላይ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። እናቴ ለጋ ቅቤ አሙቃ ጠብ አደረገችልኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ተወኝና ተመልሶ መጣ። ልጆቹን እንዳይሸታቸው ብዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጥ ለመድኩ። እንግዲህ ጆሮዋ እየደከመ ያለች ልጅ ከሁሉም ኋላ ስትቀመጥ አስቡት።

ለቤተሰቦቼ ፈሳሹን እንጂ መስማቴ መቀነሱን አልነገርኳቸውም። በቀበሌያችን ጆሮው የከዳው አንድ ልጅ ነበር፤ ትምህርት አይገባውም ተብሎ ቤት ቀረ። እኔንም አባቴ ያስቀረኛል ብዬ ፈራሁ። አባቴን ሳልጠይቅ ፈረድኩበት። ትምህርቱ ከቀረብኝ ሌላ የሚታየኝ ሕይወት አልነበረም፤ ስለዚህ ደበቅኩ።

ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሰቆጣ ስገባ መደበቂያውን መምህራኑ ራሳቸው ሰጡኝ። እኛ ቤት የሚነገረው ኽምጣኛ ነው። ተጠይቄ ዝም ስል፣ ወይም የማይገናኝ ነገር ስመልስ፣ ከገጠር ስለመጣች አማርኛው ከብዷት ነው ተባለ። አማርኛዬስ ምንም ጉድለት አልነበረውም! ግን ደንቆሮ ከምባል ቋንቋ አታውቅም ብባል ይሻለኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። አንድ መምህርማ አዝነውልኝ በትርፍ ሰዓታቸው አማርኛ ሊያስጠኑኝ ተነሡ። ሄጄ ተማርኩ፣ ምን ላድርግ። አሁን ሳስበው ያስቀኛልም፣ ያናድደኛልም።

ማስመሰል ያደክማል። ቀኑን ሙሉ የሰው ከንፈር ሳይ ውዬ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ ከጎኔ ካለው ደብተር እገለብጣለሁ። ክፍሉ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ በምን እንደሚስቁ ግን አላውቅም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህል በቀመስኩ ቁጥር ሆዴ ይነዳል። ጨጓራ ነው ብዬ ክኒን ዋጥኩ። ጭንቀት መሆኑን ማን ይነግረኛል? ለማንም አልተናገርኩም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ ምድር ዞረችብኝ። ወደቅኩ። አስመለሰኝ። ውሃ ሲሰጡኝ በቀኝ በኩል ከአፌ ፈሰሰ። ፊቴ ተጣሞ ነበር። ቀኝ ዓይኔ አልከደን አለ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ በመብራት ጆሮዬን አየና ወንበሩን ወደ ፊቴ አዞረ። «ይኼ የዛሬ አይደለም። እስከዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ። ሥር የሰደደ የመሀል ጆሮ ኢንፌክሽን ነው አለ፤ ኮሌስቴቶማ የሚባል ነገር በቅሎ አጥንቱን እየበላው እንደሆነም ጠረጠረና በሪፈር ወደ ባሕር ዳር ላከኝ። እዚያ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ጥርጣሬው ልክ ነበር። ማስቶይድ የሚባለውን ከጆሮ ጀርባ ያለ አጥንት ከፍተው ማጽዳት ነበረባቸው። ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራው ሐኪም አልዋሸችኝም። «የምናተርፈው ሕይወትሽንና ፊትሽን ነው። የቀኙ መስማት አይመለስም። ቀድመሽ ብትመጪ ሌላ ነበር።»

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ከትምህርት ያስቀረኛል ብዬ የፈራሁት ሰው ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ተሸክሜሽ እሄድ ነበር» አለኝ በኽምጣኛ። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊቴ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ተቃና፤ ግራው ጆሮዬም ደከም ያለ ስለነበር የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። ትምህርቱ ስላመለጠኝ ክፍሉን ደገምኩ። የትምህርት ቤታችን የልዩ ፍላጎት መምህርት ከጎኗ አስቀምጣ መጀመሪያ ያስተማረችኝ «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ማለትን ነው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስክለው ድረስ ደጋግማ አለማመደችኝ፣ መጀመሪያ ያልኩት ቀንም እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ እየዞረች መምህራኑን ወደ ሰሌዳ ዞረው እንዳያወሩ ለመነችልኝ፣ ግራ ጆሮዬ ወደ መምህሩ እንዲሆን ከፊት አስቀመጠችኝ፣ ያመለጠኝን እንዲያቀብሉኝ የክፍሌን ልጆች አስማማች። አንዳንዱ መምህር እስከ መጨረሻው ይረሳ ነበር፤ እጄን እያወጣሁ አስታውሰው ነበር። እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሆዴም መንደዱን ተወ።

የማይመለሰው ሌላ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዝናሽ ከምትባል የቀበሌያችን ልጅ ጋር ሰቆጣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ አብረን ወደ ቤት ሄድንና እሷ በዚያው ቀረች፤ ዳሯት። ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ ብዬ አኮረፍኳት። ከታከምኩ በኋላ በገበያ ቀን ልጅ አዝላ አገኘኋትና ኩርፊያዬን አወጣሁት። ደንግጣ አየችኝ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች። «መንገድ ላይ። ሊድሩኝ ነው፣ ሰኞ ካልተመለስኩ ለመምህራችን ንገሪልኝ አልኩሽ። ‹እሺ፣ ጥሩ ነው› ብለሽ ሳቅሽ።»

መንገዱ ትዝ አለኝ። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ በቀኜ ነበረች። ነፋስ ነበር። ብዙ አውርታ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ አለፍኳት። ጆሮዬን ለትምህርቴ ብዬ ደበቅኩ፤ ትምህርቷን ያጣችው ግን እሷ ሆነች።

ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ የምትደብቁ ተማሪዎች፣ ጆሮ ሲፈስ ቅቤ አታድርጉበት፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጭንቀቱንም ብቻችሁን አትሸከሙት፤ የምታምኑትን አንድ ሰው ፈልጉና ንገሩት፣ ለአባታችሁም ቢሆን። የሚጎዳው የእናንተ ጆሮ ብቻ አይደለም። ላከሙኝ ሐኪሞች፣ ለመምህርቴ፣ ለአባቴ እግዜር ይስጥልኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ያለ እነሱ አይሆንም ነበር።

የቀኝ ጆሮዬን ነገር ነግሬ ዝናሽን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያን ቀን የነገረችኝን ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም እንድትነግረኝ ለመንኳት። ዞራ በግራዬ ቆመችና ልጇን አስተካክላ አዘለች።

«ረሳሁት» አለችኝ።

አልረሳችውም።