ቁምጣው ይቅደም ወይስ ሸሚዙ

በደርግ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። እኔ እንኳን ልሰፋ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትም አይሆንልኝም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሥራ ደልዳይ ያደረጉኝ።

አንድ ክረምት የተማሪ ዩኒፎርም ታዘዝን፤ ካኪ ቁምጣና ነጭ ሸሚዝ። ብቻችንን አንወጣውም። ጨርቁ እኛ ዘንድ ይቆረጣል፣ ዱራሜ ያለው ማኅበር ይሰፋዋል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይመለስና የሸሚዙን የአዝራር ቀዳዳ ባለቤቴ በእጇ ትሠራለች። ማኅበራችን ሴት አባል ኖሮት አያውቅም። ሥራውን ትምህርት ሳይከፈት ከጨረሰች አባል ሆና ትመዘገባለች፤ ካልሆነ ሥራው ሾኔ ከተማ ላለ ሰው ይሰጣል ተባለ።

እኔም የጊዜ ሰሌዳ አወጣሁ፤ ያውም በቀይና በሰማያዊ እርሳስ! የዱራሜው ሊቀመንበር «የስፌት መኪኖቻችን ላይ ያለው ካኪ ክር ነው» ስላሉኝ ቁምጣውን አስቀደምኩ። ከዚያ ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ዘረጋሁላት።

«ሸሚዙ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ከቁምጣው በኋላ ነዋ፤ መስከረም ሊጠባ ሲል።»

«ያኔ እኔ የት ነኝ?»

«የት ትሄጃለሽ?»

ሆዷን አየች። እኔም ተከትዬ አየሁ።

በእኛ ቤት የእርግዝና ወር ጮክ ተብሎ አይቆጠርም። እኔ ደግሞ ደንቡን ከመጠን በላይ አክብሬ በልቤም ሳልቆጥር ቀርቻለሁ። የሁለት ከተማ ሥራ የደለደለ ሰው የገዛ ሚስቱን መውለጃ ረሳ!

በማግስቱ ዱራሜ ወረድኩ። ሊቀመንበሩ ቆባቸው ላይ መርፌ የሚሰኩ ሽማግሌ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሸሚዙ ቢቀድምስ?»

«ክሩን ሁሉ ፈትቼ? ነገ ደግሞ ድንኳን ስፉ ልትለን ነው?»

«ማለቴ . . . አንዳንድ ሁኔታዎች . . .»

«ጓድ፣ ስብሰባ ላይ አይደለህም። ነገሩን ተናገር።»

የወሩ ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ። ኮፍያዬን እያሽከረከርኩ ቆምኩ።

«የአዝራሩን ቀዳዳ የሚሠራው ማን ነበር?» አሉኝ።

«ባለቤቴ።»

«እሺ፣ እና?»

እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቶሎ አነሳሁት። ሽማግሌው ገባቸውና ሳቁ። «አንተ የማትረባ! ይህን ይዘህ ነው ሁኔታዎች የምትለኝ?» አሉና ለሰፊዎቹ በከምባትኛ አንድ ነገር ነገሯቸው። ሁሉም እየሳቁብኝ ክር መፍታት ያዙ። «ግማሹ መኪና ነጭ ይስፋ። አንተም እስኪሞላልህ አትጠብቅ፤ የተቆረጠችውን ሁሉ በየገበያው ቀን በጭነት መኪና ላክ። እኛም የደረሰልንን እንመልሳለን።»

የእኛዎቹ ቆራጮች ቁምጣውን አጋምሰው ነበር። ለመንኳቸው፤ ሰደቡኝ፤ ሸሚዝ ቆረጡ።

ሸሚዙ በጥቂት በጥቂቱ መጣ። በአንዱ እሽግ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አገኘን፤ ሽማግሌው ለአራስነቷ ብለው አስቀድመው የላኩት። ቀልጦ ሁለት ሸሚዝ አበላሽቷል። ባለቤቴ ሸሚዞቹን እያጠበች፣ «አየህ፣ እኚህ ሰው ሳያዩኝ ቆጠሩልኝ» አለችኝ። እኔም ሳሙናውን አቀበልኳት።

የመጨረሻዋን ሸሚዝ ራሷ ይዛ ቢሮ መጣች። መዝገቡን ገለጥኩና ስሟን መጻፍ ጀመርኩ።

«ቶሎ ቶሎ ጻፍ» አለች፣ ጠረጴዛዬን ተደግፋ።

«ቆይ እንጂ፣ ጽሕፈቴ እንዲያምር ነው።»

ጻፍኩ፤ ፈረመች። እስክሪብቶውን መለሰችልኝና ቀና አለች።

«በል አሁን ሐኪም ቤት ውሰደኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ነኝ።»