በኅዳር የሚያብበው

ዘንድሮ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ዝናቡ እስከ ጥቅምት አልቆመም። ልጅ ሳለሁም እንዲህ ያለ ክረምት አይቻለሁ። ያኔ የፎገራ ሜዳ በውኃ ተይዞ፣ ከብቱን ወደ ጉብታው አውጥተን፣ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያቃጥለን፣ አጎቴ ፍሙን በዱላው ጫፍ እየቆሰቆሰ ተረት ይነግረን ነበር። የኩራዙ ብርሃን የፊቱን ግማሽ ብቻ ያሳይ ነበር።

አንዱ ተረት እስካሁን አልለቀቀኝም። ደጃፉ ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው አንድ ገበሬ ነበር። ሌላው ሁሉ በመስከረም አብቦ ሲረግፍ ያ አበባ ገና ቅጠል ነው፤ የሚያብበው በኅዳር ነው። የሞተች ሚስቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ትመጣለች፤ ቤቷንም የምትለየው በዚያ አበባ ነው። አንድ ዓመት ግን ሰውየው ተክሉ መክኗል ብሎ ሳያብብ ነቀለው። ሴትዮዋ መጣች፤ ደጇን አጣችው፤ አልፋ ሄደች። «እስካሁንም ከደጅ ደጅ ትዞራለች» ብሎ አጎቴ ተረቱን ሲጨርስ፣ ከውጭ አንድ ሰው ውኃውን እየረገጠ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ሚስቴ እንደዚያ ያለውን አበባ ሥሩን ከሐሙሲት አምጥታ ደጃፋችን ላይ ተከለችው። አብቦ ሲደርቅ ከሥሩ ታጭደው ነበር፤ በየሦስት ዓመቱም ቆፍራ ታወጣውና፣ ያረጀውን መሐሉን ጥላ፣ የዳር ዳሩን ቡቃያ ከፋፍላ መልሳ ትተክለው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የነካው የለም። ባረፈች ሰሞን ልጃችን የሺ ለቅሶዋን አላቆም ስትል፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ ያንን ተረት ነገርኋት። ከአፌ የሰማችው ተረት እሱ ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ለነጭ ሽንኩርት መደብ ስፈልግ፣ አበባው መሐሉ ባዶ፣ ዳሩ ቅጠል ብቻ ሆኖ አየሁትና በዶማ ገለበጥሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በየኅዳሩ ሲያብብ ማየቱም ከብዶኝ ነበር። የሺ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደረሰች። ጀሪካኑን አስቀምጣ ሥሩን በነጠላዋ ጫፍ ለቀመችው።

«እናቴ ቤቱን በምን ትለየው?» አለችኝ።

«ተረት ነው» አልኋት።

«የነገሩኝስ አንቱ አይደሉ?»

እራት ስታቀርብልኝም ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ተረት አምኜ አላውቅም። ነገር ግን ያን ምሽት ዝናቡ ሲጥል፣ ያ በልጅነቴ የሰማሁት የእግር ኮቴ ከደጅ ተሰማኝ፤ መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ አለፈ። የሺም ማንኪያዋን ይዛ ወደ በሩ ትመለከት ነበር።

ሲነጋ ሥሩን ስጪኝ አልኋት። ያረጀውን ጣልሁ፤ ቡቃያውን እናቷ ታደርግ እንደነበረው ከፋፍዬ ከበሩ ግራና ቀኝ ተከልሁት። ነጭ ሽንኩርቱን ወደ ጓሮ ወሰድሁት። የተነቀለ ሥር ዘንድሮ እንደማያብብ አውቃለሁ። ስለዚህ ኅዳር ከገባ ወዲህ፣ መሸት ሲል ፋኖስ አብርቼ ደጃፉ ላይ እሰቅላለሁ። ጋዙን የምትሞላው የሺ ናት።