አባቴን ከወንድሙ ቀብር ያስቀረው በረራ

"የኔ ልጅ፣ ብሩ ይቅር። በረራው ለምን እንደቀረ ብቻ ጻፊልኝ!"

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ፣ አንድ የውጭ አየር መንገድ ቢሮ ውስጥ አባቴ እንዲህ ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ባለፈው ሳምንት ለታላቅ ወንድሙ ቀብር ናይሮቢ ሊሄድ ነበር። በረራው ተሰረዘ፤ ቀብሩ አመለጠው። ተኳርፈው ስለነበር ዘመድ "ሆን ብሎ ነው የቀረው" እያለ ነው።

የቢሮው ሠራተኛ "ይቅርታ አባባ፣ በአየር ጠባይ ለተሰረዘ በረራ ካሳ አንከፍልም" ስትለው ነው እንዲያ ያላት።

ስልኬን አወጣሁ። ራሳቸው የላኩልን መልእክት "በቴክኒክ ብልሽት" ይላል። (ሚስቴ "መልእክቶችህን አጥፋ፣ ስልክህ ሞላ" እያለች ስትጨቀጭቀኝ አለመስማቴ ጠቀመኝ።)

ልጅቷ አነበበችውና ወደ ውስጥ ገባች። "አባዬ፣ ቁጭ በል" ብለው እምቢ አለኝ።

በመጨረሻ አለቃዋ መጣ። የካሳ ማመልከቻችንን ተቀበለ፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤም ሰጠን። ካሳው ገና ይታያል ተብለናል።

አባቴ እዚያው ደረጃው ላይ ለወንድሙ ሚስት ደወለ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበላት።

ለረጅም ጊዜ አልቅሳ "በቃ፣ ለሁሉም እኔ እነግራቸዋለሁ" አለችው።

እናንተስ በረራ ተሰርዞባችሁ ካሳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምን አሏችሁ? እስኪ አውሩኝ።