ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ

ልጄ ያኮረፈችው በወንድሟ ሠርግ ባሏን ድንኳኑ ጥግ፣ ከድስቶቹ አጠገብ አስቀመጡት ብላ ነው። ባሏ ጴንጤ ነው፤ ቦታ ሰጪዎቹ ደግሞ የዕድራችን ትልልቅ ሰዎች። ከዚያ ወዲያ ሰፈራችንን ቀጨኔን አልረገጠችም። የልጅ ልጄ መራመድ መጀመሯን እንኳ በወሬ ነው የሰማሁት።

እኛ ሰፈር ሰው ሲኳረፍ ሽማግሌ ይላካል። ላክኋ! ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሸጎሌ ቤቷ ሄዱ። ሲመለሱ "ምን አለቻችሁ?" ብላቸው፣ አንዱ "ሽሮዋ ግሩም ነው" አለኝ። ለካ ምሳ በልተው፣ አባትሽን አክብሪ ብለው ገሥጸዋት መምጣታቸው ነው።

"ዘዴ እንቀይር" አሉ። ደስ አለኝ። ዘዴ ያሉት ቄስ መጨመር ነው! ለጴንጤ ቤት፣ ቄስ ከነመስቀሉ። እሱም አልሆን ሲል "ዕድሜ የጠገበ ሰው ይሻላል" ብለው ጆሯቸው የማይሰማ አዛውንት ጨመሩ። ልጄ አቤቱታዋን ስትናገር እሳቸው ያንቀላፋሉ። እሷ ታስታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትገሠጻለች። ፊት ፊት እየሄደ "ይቅር ለእግዚአብሔር በይ" የሚላት ደግሞ ማን መሰላችሁ? ያው ባሏን ድስት ሥር የወረወረው ሰውዬ። እንዲህ ያለ አስታራቂ!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ይኸው ሰውዬ፣ "አሁንስ ማንን እንጨምር?" አለኝ።

"ማንንም አትጨምሩ። ራሴ እሄዳለሁ።"

"አባት ልጁን ሊለምን? ኧረ ነውር ነው! ትናቃለህ።"

"ምሳው እንዳይቀርብህ ነው አይደል?" አልኩትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ውሃ ጠፍቶ ኖሮ ልጄ ሁለት ጀሪካን ይዛ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ትወጣለች። አንዱን ተቀበልኳት።

"አባዬ፣ ወገብህን! ተው አስቀምጠው።"

አላስቀመጥኩም። ተከትያት ወጣሁ። በሯ ላይ ስንደርስ፣ "ባልሽን እዚያ ማስቀመጣቸው ልክ አልነበረም" አልኳት። ያ ሁሉ ከዘራ ሲመላለስ ይህችን ቃል የነገራት አንድ ሰው የለም።

አላየችኝም። አጎንብሳ ደረጃውን ወደ ታች ቃኘች።

"ሌሎቹ ከኋላ እየመጡ ነው?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው ግባ። ወጥ ግን አልሠራሁም።"

ጀሪካኔን ይዤ ገባሁ።